ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከተራራ መውረድ፦ የግንባር ባትሪና የጉዞ ዕቃ አመራረጥ

የቀን ጉዞ ብለን ወጥተን መንገድ ላይ የሚመሽብን ጊዜ ብዙ ነው። መኪናው ዘግይቶ ይነሳል። አንዱ ጓደኛ ጉልበቱን ያመዋል። አናት ላይ ፎቶ ሲነሳ፣ ምሳ ሲበላ፣ ወሬ ሲወራ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ የግንባር ባትሪ፣ ብዙዎቻችን ሄድላምፕ የምንለው፣ ለአዳር ጉዞ ብቻ የሚያዝ ዕቃ አይደለም። ጠዋት ወጥቶ ለምሳ ቤቱ ሊመለስ ያሰበ ሰውም ቦርሳው ውስጥ ሊኖረው ይገባል። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

መመሪያው አዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ የቀን ጉዞዎች ነው፤ እንጦጦ፣ ወጨጫና የመናገሻ ሱባ ጫካ፣ የረር፣ ዝቋላ፣ ወንጪ። አሠራሩ ለሌላ ቦታም ያገለግላል። ዋናው ሐሳብ አንድ ነው፦ ስትዘጋጁ የመጨረሻው ሁለት ሰዓት በጨለማ እንደሚሆን አድርጋችሁ ተዘጋጁ። ሳይመሽ ከደረሳችሁ እሰየው።

1. መጀመሪያ ሰዓቱን አስሉ

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በኅዳር 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። በሐምሌ ለ1 ሰዓት 10 ደቂቃ ጉዳይ አካባቢ ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቁልቁል ነው የምትወርደው፤ ድንግዝግዙ አይቆይም። ከጠለቀች በኋላ ያለ መብራት መንገዱን ለይቶ ለመሄድ የሚያስችል ብርሃን የሚኖረው ለ20 ደቂቃ ያህል ነው። አውሮፓ ወይም ሰሜን አሜሪካ የኖረ ሰው የዚያን አገር የሞቃት ወራት ረጅም ምሽት ለምዶ ስለሚመጣ እዚህ ላይ በቀላሉ ይዘናጋል። ጫካ ውስጥ ደግሞ ጨለማው ይቀድማል። በመናገሻ ሱባ ትልልቅ ጽዶች ሥር ሜዳው ገና ብሩህ ሳለ እግራችሁ የሚረግጠው አይታያችሁም።

የጉዞውን ርዝመት ለመገመት ዊሊያም ናይዝሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዙ። ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። 12 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ከ600 ሜትር ሽቅብ ጋር ሦስት ሰዓት ተኩል አይሞላም ማለት ነው። ይህ ግን ለማያርፍ ጠንካራ ሰው ነው። ጀማሪ ያለበት ቡድን ከሆነ፣ ያውም ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ከሆነ፣ ግማሹን ያህል ጨምሩበት።

ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ፀሐይ 12 ሰዓት የምትጠልቅ ከሆነ፣ ቁልቁለቱም ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ፣ የአንድ ሰዓት መጠባበቂያ ይዛችሁ 9 ሰዓት ላይ ትመለሳላችሁ። አናት ላይ ደረሳችሁም አልደረሳችሁ። ይህን ሰዓት ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ለሁሉም ተናገሩ፤ እላይ ሆኖ "ትንሽ ብቻ ቀረን" የሚል ሰው አይጠፋም፣ ያኔ ክርክር ከመግጠም ቀድሞ መስማማት ይሻላል። ቤት ለሚቀር አንድ ሰውም የት እንደምትሄዱ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩት። የአካባቢው ጸጥታ በዚያ ሳምንት እንዴት እንደሆነ ደግሞ እዚያው ከሚኖር ሰው ጠይቁ። መልሱ የማያስተማምን ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ቀን አድርጉት።

2. የግንባር ባትሪውን ምረጡ

የስልክ መብራት አይበቃም ወይ የሚል ሰው አለ። አይበቃም። አንድ እጅ ይይዝባችኋል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሁለቱም እጆች ያስፈልጋሉ። ከወደቀ ይሰበራል። ከሁሉ በላይ፣ ለመደወልና ካርታ ለማየት የምትፈልጉትን ቻርጅ ይጨርሳል።

ሱቅ ገብታችሁ መጀመሪያ የምታዩት ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሉመን ቁጥር ነው። ሉመን የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ መጠን ነው። ለመንገድ የሚያስፈልገው ግን ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው። ካርታ ለማየት ወይም ቦርሳ ውስጥ ዕቃ ለመፈለግ ከ5 እስከ 20 ሉመን ይበቃል። በደንብ የሚታይ መንገድ ላይ ለመራመድ ከ50 እስከ 150። መንገዱ የት እንደታጠፈ ለማየት ወይም ማዶ ያለውን ለመፈለግ ለአንድ አፍታ 300 ወይም 400 ሉመን ደስ ይላል። ከዚያ በላይ ለቀን ተጓዥ ትርፍ ክብደት ነው። መርካቶም ሆነ በኦንላይን ሽያጭ 10,000 እና 100,000 ሉመን የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ርካሽ ባትሪዎች ታገኛላችሁ። ግንባር ላይ በምትታሰር ትንሽ ዕቃ ያንን ያህል ብርሃን ለሰዓታት ማውጣት አይቻልም፤ ሙቀቱ ብቻ ያቃጥላታል። ቁጥሩ ውሸት ከሆነ ሌላውም ነገሯ ያጠራጥራል።

ስለዚህ በእኔ እምነት መጠየቅ ያለበት ዝቅተኛው ብርሃኗ ምን ያህል ነው፣ መካከለኛውስ ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ነው። የታወቁ አምራቾች ኤፍኤል 1 በሚባል የአሜሪካ መለኪያ ይለካሉ። በዚህ መለኪያ "የሚቆይበት ሰዓት" የሚባለው ብርሃኑ ሲጀምር ከነበረው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው። 400 ሉመን ላይ አምስት ሰዓት ይቆያል ከተባለ፣ አምስት ሰዓት ሙሉ 400 ሉመን ታገኛላችሁ ማለት አይደለም፤ መጨረሻ ላይ የሚቀራችሁ 40 ነው። ርቀቱም እንዲሁ ነው። 80 ሜትር ያበራል ሲባል 80 ሜትር ላይ ያለው ብርሃን የሙሉ ጨረቃን ያህል ነው ማለት ነው፤ በዚያ ርቀት ያለውን ሰው ለይታችሁ ታውቁታላችሁ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የብርሃኑን ቅርጽ እዩ። ጠባብና ሩቅ የሚወረወር ብርሃን ብቻ ያላት ባትሪ ለመንገድ አትመችም፤ አንዲት ክብ ታበራና ዙሪያውን ጭራሽ ታጨልመዋለች። ቅርቡን በሰፊው የሚያበራ ሁለተኛ አምፖል ያላትን ፈልጉ። ቀይ ብርሃን ካላትም ጥሩ ነው። ዓይናችን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አንድ ጊዜ ነጭ ብርሃን ካየ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ደብዛዛ ቀይ ግን ያን ያህል አይረብሸውም። ስታርፉ፣ ስትበሉ፣ እርስ በርስ ስትነጋገሩ በቀዩ ተጠቀሙ።

ውሃ መቋቋሟ ካርቶኑ ላይ በአይፒኤክስ ቁጥር ይጻፋል። አይፒኤክስ 4 ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃን ይችላል፣ ለተራ ዝናብ ይበቃል። አይፒኤክስ 7 አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ብትቆይ አትበላሽም ማለት ነው። ለሐምሌና ለነሐሴ ዝናብ የምትወጡ ከሆነ ሁለተኛዋን ብትመርጡ አይቆጫችሁም።

እዚያው ሱቁ ውስጥ በእጃችሁ ሞክሩት። አንገቷን ወደ ታች አዘንብሉትና ነቅንቁት፤ ከላላ ስትራመዱ ራሱ ይወርዳል። ቁልፏን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አግኙት። ለማጥፋት ብላችሁ በሚብለጨለጨው ብርሃን ውስጥ ማለፍ ግድ ከሆነ ትታችሁት ውጡ፣ ሁልጊዜ ያናድዳል። በስህተት እንዳትበራ የምትቆለፍበት ዘዴ አላት ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ቦርሳ ውስጥ ራሷ በርታ ያለቀች ባትሪ ከሌለች አትሻልም። ክብደቷ ከነድንጋይዋ ከ100 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ከኋላ ትልቅ የድንጋይ ሳጥን ያላቸው አንገት ያደክማሉ።

የፈረንሳዩ ፔትዝል፣ የአሜሪካው ብላክ ዳያመንድ፣ የቻይናዎቹ ናይትኮርና ፌኒክስ በዚህ ሥራ የታመኑ ስሞች ናቸው። እዚህ ከጠፉ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ማስላክ የተለመደ ነው። ያኔ አንድ ነገር ንገሩት፦ ትርፍ የሊቲየም ድንጋይ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በአውሮፕላን አይፈቀድም።

3. ድንጋዩን አትናቁት

ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው በሦስት ትንንሽ የሪሞት ድንጋይ የሚሠራው ነው። ጥቅሙ ድንጋዩ የገጠር ሱቅም አይታጣም። ሁለተኛው በታይፕ ሲ ገመድ ቻርጅ የሚደረገው ነው። ብርሃኑ ጠንካራ ነው፤ ወጪውም ዘላቂ አይደለም። ግን መብራት ጠፍቶ ካደረና ቅዳሜ ማታ ቻርጅ ካላደረጋችሁ እሑድ ባዶ እጃችሁን ናችሁ። በሁለቱም የሚሠሩ አሉ፤ የፔትዝል ቲካ አንዷ ናት። እኔ ለአገራችን ሁኔታ የምመርጠው ይህን ዓይነቱን ነው።

የሪሞት ድንጋይ ከገዛችሁ አልካላይን የሚል ይኑርበት። በጣም ርካሾቹ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደበዝዛሉ። አሮጌና አዲስ አታደባልቁ፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል፣ ሊፈስም ይችላል። ትርፍ ሦስት ድንጋይ በትንሽ ፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ። ብርድ የድንጋይን ጉልበት ይቀንሳል፤ ትርፉን ከሰውነታችሁ አጠገብ በውስጥ ኪስ አድርጉት።

18650 የሚባለውን ወፍራም የሊቲየም ድንጋይ የምትጠቀሙ ከሆነ ተጠንቀቁ። ጥሩው ከ2,500 እስከ 3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ይይዛል። 9,900 የሚል ካያችሁ ሐሰተኛ ነው፤ አንዳንዱ የዚያን አንድ አምስተኛም አይዝም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ሲገናኙ (ሾርት ሲያደርግ) እሳት ሊያስነሳ መቻሉ ነው። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አትክተቱት።

4. ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ፈትኑት

ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ማታ መብራት አጥፍታችሁ በመካከለኛው ብርሃን አብሩትና ሰዓት ያዙ። በየሰዓቱ እዩት። አራት ሰዓት ሳይደበዝዝ ከቆየ ለቀን ጉዞ በቂ ነው። ግንባራችሁ ላይ አስራችሁ ደረጃ ውጡና ውረዱ። ዝናብ ይችላል ከተባለ የቧንቧ ውሃ አርከፍክፉበት። በጨለማ ድንጋይ መቀየርም ተለማመዱ። ቀላል ይመስላል፤ በብርድ በደነዘዘ ጣት ግን የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን መለየት ያስቸግራል።

5. ሌላው ዕቃ

ከባትሪው ቀጥሎ ገንዘባችሁን ጫማ ላይ አውሉ። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ጣታችሁ ቁልቁለት ላይ ከፊቱ የማይጋጭ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ የለበሳችሁት ይሁን። በአዲስ ጫማ ተራራ አይወጣም።

ልብስ ላይ ጥጥ ከሥጋችሁ ጋር አታድርጉ። ላብ ይይዛል፣ ማታ ይበርዳል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ከከተማው በብዙ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ሳይቆጠር። ከውስጥ ቶሎ የሚደርቅ ስፖርት ልብስ፣ ከላይ ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ የሙቀት ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ሰልባጅ ተራ ጊዜ ወስዶ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ጥሩ ፍሊስና ጃኬት በረከሰ ዋጋ ይገኛል። ኮፍያና ጓንት ትንሽ ቦታ ነው የሚይዙት።

ለምግብ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ የሚተካከላቸው የለም። ይቆያሉ፣ አይበላሹም፣ ጉልበት ይሰጣሉ። ለምሽቱ የሚሆን አንድ እፍኝና ግማሽ ሊትር ውሃ ቀን ላይ ሳትነኩ አስቀምጡ። ፊሽካ፣ ፕላስተርና ፋሻ፣ ቻርጅ የተደረገ ፓወር ባንክ ያዙ። ከአካባቢው የሚገዛ አንድ ጥሩ ዱላም ያዙ፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበት ያድናል። ስልካችሁ ላይ ኢንተርኔት የማይፈልግ ካርታ፣ ለምሳሌ ኦርጋኒክ ማፕስ፣ ቀድማችሁ ጫኑ። ከቡድኑ አንድ ሰው ትርፍ የእጅ ባትሪ ይያዝ፤ ጥቅሙን ከታች እመለስበታለሁ።

6. ሳይጨልም ቁሙ

ብዙ ሰው ባትሪውን የሚፈልገው አጠገቡ ያለውን ሰው ማየት ሲያቅተው ነው። ያኔ ዚፕ ይፈለጋል፣ ዕቃ ይወድቃል፣ ሰው ይቸኩላል። ፀሐይ ልትጠልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ሁላችሁም ቁሙ። ባትሪውን ግንባራችሁ ላይ እሰሩ፣ አብርታችሁ አረጋግጡ፣ አጥፉት። ብርድ ሳይሰማችሁ ጃኬት ልበሱ። ያስቀመጣችሁትን ብሉ። የጫማ ማሰሪያችሁን አጥብቁ። ስንት ሰው እንዳላችሁ ቁጠሩ። የት እንዳላችሁም ካርታው ላይ እዩ። ባትሪ የሌለው ሰው ካለ አሁን ይታወቅ፤ ባለ ባትሪ በሆኑ ሁለት ሰዎች መካከል ይሂድ።

7. አረማመዱ

ከፊት መንገዱን የሚያውቅ ሰው፣ ከኋላ ደግሞ ጠንካራ ሰው ይሁን። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ የሚዘገየው ነው። በመካከላችሁ ሁለት ሦስት ሜትር ይኑር። የኋለኛው ሰው ብርሃን ከበዛ የፊተኛውን ጥላ እግሩ ሥር ይጥልበታል፤ ስለዚህ ከኋላ ያላችሁ ዝቅ አድርጉ። ሰው ሲያናግራችሁ ዞራችሁ ፊቱ ላይ አታብሩ። አንገታችሁን ደፋ አድርጉ ወይም መብራቱን በእጃችሁ ጋርዱት።

እርምጃ አሳጥሩ። ዓይናችሁ ከፊታችሁ ሦስት አራት ሜትር ላይ ይሁን። ሩቅ ማየት ከፈለጋችሁ ቁሙ፣ እዩ፣ ከዚያ ተራመዱ። እየሄዱ ዙሪያን መቃኘት ነው ቁርጭምጭሚት የሚያስወልቀው። የባሕር ዛፍ ቅጠል የተነጠፈበት ቁልቁለት ደረቅ ሲሆንም ያንሸራትታል፤ ጎንበስ ብላችሁ በእግራችሁ ጠርዝ ውረዱ።

ከዓይን አጠገብ የሚወጣ ብርሃን አንድ ጉድለት አለው፦ ጥላን ይሰውራል። ጉድጓዱና ጉብታው አንድ ዓይነት ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። መሬቱ አስቸጋሪ ሲሆን ባትሪውን ከግንባር አውርዳችሁ ወገባችሁ ላይ እሰሩት፣ ወይም ያንን ትርፍ የእጅ ባትሪ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። ወዲያው ድንጋዩ ሁሉ ጥላ አውጥቶ ይታያችኋል። ጉም ሲወርድም ዘዴው ይኸው ነው። እንጦጦና ወንጪ ላይ ጉም በድንገት ይመጣል፤ ግንባር ላይ ያለ ብርሃን በጉሙ ተመልሶ ዓይናችሁን ያጥበረብራል። ብርሃኑን መጨመር ያባብሰዋል። ዝቅ አድርጉት፣ ቀንሱትም።

በክረምት ጠዋት በድንጋይ ላይ ዘላችሁ ያለፋችሁት ጅረት ማታ ሌላ ወንዝ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ላይኛው ተፋሰስ ላይ የዘነበው እናንተ ጋ ሳይዘንብ ይደርሳል። የደፈረሰ፣ የሚጮህ፣ ከጉልበት በላይ የሆነ ውሃ በጨለማ አትሻገሩ። እስኪጎድል ጠብቁ ወይም ወደ ድልድዩ ዙሩ።

8. ሰው፣ ውሻ፣ ጅብ

በጨለማ መንደር የሚያቋርጥ ሰው ለገበሬው እንግዳ ነው፤ ፊቱ ላይ የሚያበራ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈራ እንግዳ ነው። በተለይ ሰብል በሚደርስበት ወቅት ማሳ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ድምፃችሁን ከሩቅ አሰሙ። መብራታችሁን ወደ መሬት አድርጉ። "እንደምን አመሻችሁ" በሉ፤ ኦሮምኛ በሚነገርበት "አካም ኦልታን" ማለት ብዙ ነገር ያቀላል። ከየት መጥታችሁ ወዴት እንደምትሄዱ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ብዙ ጊዜ አቋራጩን ራሳቸው ያሳዩአችኋል።

ከጅቡ ይልቅ የሚያስቸግራችሁ ውሻ ነው። አትሩጡ። ተሰብሰቡ፣ ዱላችሁን ዝቅ አድርጋችሁ በእናንተና በውሻው መካከል ያዙ፣ ባለቤቱን ተጣሩ፣ ፊታችሁን ወደ ውሻው አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ እለፉ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

ጅብ አብዛኛውን ጊዜ ከቡድን ይሸሻል። ዓይኑ በባትሪው ብርሃን ሲያበራ ታዩታላችሁ። ሕፃናትን መሃል አድርጉ፣ ተጠጋግታችሁ ሂዱ፣ ጮክ ብላችሁ አውሩ። ጥሬ ሥጋ ይዛችሁ አትሂዱ። ማንም ወደ ኋላ አይቅር፣ ለሽንት እንኳ ቢሆን ሁሉም ቆሞ ይጠብቅ።

9. መንገድ ከጠፋባችሁ

ቁሙ። ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ካርታውን እዩ። በእርግጠኝነት የምታውቁት የመጨረሻ ቦታ ቅርብ ከሆነ ወደዚያው ተመለሱ። ወንዝ ተከትለን እንውረድ የሚለው ሐሳብ ቀን ቀን ጥሩ ይመስላል፤ በጨለማ ግን ገደል አፋፍ ላይ ይጥላል። ማንም ብቻውን መንገድ ሊፈልግ አይሂድ።

እርዳታ ካስፈለገ የዓለም አቀፉ ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ማብራት ወይም ፊሽካ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ ከዚያ መድገም ነው። መልሱ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። ኔትወርክ የሌለበት ሸለቆ ውስጥ ስልኩ ሲፈልግ ቻርጅ እንዳይጨርስ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ጉብታ ላይ ስትወጡ ክፈቱት። ማደር ግድ ከሆነ ቦርሳችሁን ከሥራችሁ አንጥፉና ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ። መብራቱንም ተራ በተራ፣ አንድ ብቻ፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ።

10. ቤት ስትደርሱ

ሲጠብቃችሁ ለዋለው ሰው ደውሉለት። ባትሪው ከራሰ በደረቅ ጨርቅ አብሳችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ ይድረቅ። ላብ የነካውን ማሰሪያ በሳሙና እጠቡት። የሪሞት ድንጋይ ከሆነ ለሳምንታት የማትወጡ እንደሆነ አውጥታችሁ አስቀምጡት፤ አልካላይን ሲፈስ የመገናኛውን ብረት ይበላዋል። የሊቲየሙን ደግሞ ባዶ አድርጋችሁ አትተዉት፤ ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ከሙቀት ራቅ ባለ ቦታ አኑሩት፣ ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት በነበረው ማታ ሙሉ ቻርጅ አድርጉት።